ደመ ከልብ

ውሻው አላበደም ነበር። ማበዱን የሚያሳይ አንድም ምልክት አልታየበትም፤ ይህንንም ከእኔ አብልጦ የሚያውቅ ሰው በዚያ ቦታ አልነበረም። ቢሆንም ሰዉ ከቦኝ አፍ አፌን ሲያይ «አብዷል፤ አሁኑኑ ይገደል» አልኩ። ተሳስቼ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ዕድሜውን በከብት ሕክምና የፈጀ ሰው የተሳሳተበትን ልቁጠር ቢል ማለቂያ የለውም። ላም ሞታብኛለች፤ በቅሎ ሞታብኛለች፤ ስለ እነሱ እንቅልፍ አጥቼ አላውቅም። ይሄኛው ግን ስሕተት አልነበረም። እያወቅሁ ነው የዋሸሁት፤ የዋሸሁትም ከአንድ ቀን በፊት የሠራሁት ነውር እንዳይገለጥብኝ ነው።

ዘመኑ 1990ዎቹ ነው፤ ቦታው ግሸን፣ ከአምባው ግርጌ። የመስከረም 21ን ንግሥ ያየ ሰው ምን እንደምል ያውቃል። ግማደ መስቀሉን ሊሳለም ከአራቱም ማዕዘን ሕዝብ ይጎርፋል፤ ቅጥቅጡ፣ አይሱዙው፣ ሚኒባሱ ኮረኮንቹን ይሞላዋል። የነገሥታት ልጆች ለዙፋን እንዳይሻሙ ይታሰሩበት የነበረው መስቀለኛ አምባ ለጥቂት ቀናት ከተማ ይሆናል። እኔ በዚያ ሰሞን ሥራዬ የእርድ ምርመራ ነበር፤ ጉበት ሰንጥቆ ትል አለው የለውም ማለት፣ ሳንባ መዳሰስ፣ ማኅተም ማሳረፍ። ቀኑን ሙሉ ደም በደም ሆኜ እውላለሁ። ሥጋ ባለበት ደግሞ ውሻ አይጠፋም፤ ከየመንደሩ ተጠራርቶ ይመጣል። መኪና በዓመት አንዴ የሚያይ የገጠር ውሻ ከጎማ መሸሽ አያውቅም።

እናትና ልጅ ውሻቸውን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልለው ይዘውት መጡ። ከፊት እግሮቹ አንዱ ከጉልበት በታች ተሰብሮ ተንጠልጥሏል። አጥንቱ ግን ቆዳውን አልቀደደም፤ ደምም የለ። ልጁ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። «እንዳመሉ፣ እንዳመሉ» እያለ በጆሮው ያወራዋል፤ የውሻው ስም ነው። እናትየው ጎንበስ ብለው፣ «ዶክተር፣ አፈር ስሆን፣ በግሸን ማርያም፣ ይችን እግሩን ብቻ ይዩልኝ» አሉኝ። (ዶክተር አልነበርኩም፤ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ። ማዕረጉን ግን ሕዝቡ ሰጥቶኝ እምቢ ብዬ አላውቅም።)

«እናቴ፣ የመንግሥት መድኃኒት ለውሻ አይወጣም» አልኳቸው።

እንዲህ የሚል መመሪያ አይቼ አላውቅም፤ ያን ቀንም አላየሁም፤ ከዚያ በኋላም። እሳቸው በነጻ መጠየቃቸው መስሎኝ እንደሆነ ገምተው የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ። እዚያ ውስጥ ተጨማድዶ የተቋጠረ ብር ነበር። ብሩን በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ። ያኔ ነው ዛሬ ድረስ ጆሮዬ ላይ የቀረውን የተናገርኩት፦ «ይሄን ይያዙና ለልጁ ደብተር ይግዙበት። ውሻ እንደሆነ ሞልቷል።» አጠገቤ የነበሩት አራጆች ሳቁ። ሳቃቸው ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህንንም መደበቅ አልፈልግም። ሴትዮዋ ብሩን መልሰው ቋጠሩ። ልጁ አልሳቀም፤ አላለቀሰምም። ጉበት የምሰነጥቅበትን ቢላ ትክ ብሎ ያያል።

የተጠየቅሁት ምን ያህል ነገር እንደነበረ አንባቢ እንዲያውቀው እፈልጋለሁ። ስቃይ ላይ ያለ ውሻ ጌታውንም ይነክሳልና መጀመሪያ አፉ ይታሰራል፤ ከነጠላ የተቀደደ ቁራጭ በአፍንጫው ላይ ሁለቴ ይጠመጠምና ከአገጩ ሥር ተሻግሮ ከጆሮው ኋላ ይቋጠራል። ከዚያ እግሩ ላይ ጥጥ ይደረጋል፤ የተሰነጠቀ ሸምበቆ ከስብራቱ በላይና በታች ያሉትን መጋጠሚያዎች እንዲይዝ ተደርጎ በፋሻ ይጠመጠማል። ጣቶቹ እንዳያብጡ በጣም አይጠብቅም። ወጣት ውሻ ከሆነ አጥንቱ በአንድ ወር ተኩልም በሁለት ወርም ይገጥማል። ሸምበቆው እንደ ልብ ነው። ፋሻ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረ። ለዚህ ሁሉ አንድ በሬ ታርዶ እስኪገፈፍ ያለው ጊዜ ይበቃ ነበር። እሺ፣ እኔስ አልሠራም ልበል፤ «አፉን ሳታስሩ እንዳትነኩት» ማለት ምን ይከብዳል? እሱንም አላልኩም።

ልጁ ወጌሻ ሰው ሲያስር አይቷል መሰለኝ፣ ማታ እቤታቸው ገብተው እሱው ሊያስረው ሞከረ። የተሰበረውን እግር ሲስበው ውሻው እጁን ነከሰው። በማግሥቱ ጠዋት ተመልሰው መጡ፤ አሁን ግን ውሻውን ተሸክሞ የመጣው ጎረቤት ነው፤ የልጁ እጅ ከእናቱ ነጠላ በተቀደደ ጨርቅ ታስሯል። ከኋላቸው ሰው ተከትሏል። ተሳላሚው፣ ነጋዴው፣ የኔ ቢጤው ሁሉ ከበበን። አንዱ «ውሻው ጤነኛ ነው ወይስ በሽታው አለበት?» አለ። ሌላው ደግሞ ድምፁን ሳይቀንስ፣ «ትላንት እኮ እዚሁ ሐኪሙ ጋ አምጥተውት ነበር» አለ።

ያስደነገጠኝ ይህ ንግግር ነው። «ጤነኛ ነው፤ የነከሰው ስላመመው ነው» ብል ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ታየኝ፦ «ታዲያ ትላንት ለምን አላሰርክለትም?» ያበደ ነው ካልኩ ግን ጥያቄ የለም፤ ትላንት መመለሴም ጥንቃቄ ይመስላል። ውሻው ጎረቤትየው ካስቀመጠው ወይራ ሥር ተኝቶ ከጣሳ ውሃ እየጠጣ ነበር። ውሃ መጠጣቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ግን ድምፁ አልተለወጠም፤ ለሃጩ አይዝረበረብም፤ መንጋጋው አልወደቀም፤ ስሙ ሲጠራ ጆሮውን ያቆማል። እኔም «አብዷል» አልኩ።

እስትሪክኒን ነበረኝ፤ በዚያ ዘመን ባለቤት ለሌለው ውሻ ተብሎ የማይቀመጥበት ቦታ ጥቂት ነው። ከሳንባ ቆርጬ፣ መርዙን መሐሉ አድርጌ፣ ራሴ ይዤለት ሄድኩ። ሥጋውን ሲያይ ጭራውን ቆላልኝ። ከዚያ ያለውን አልተርከውም፤ እስትሪክኒን እንስሳውን ሳያደነዝዝ እንደሚገድል፣ እስከ መጨረሻው እያወቀ እንደሚሞት ግን ተምሬው ነበር። ሬሳውን ገደል ጣልነው። ነገሩም ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ።

በሙያ ዓይን ሳየው ከውሸቱ የባሰ ያጠፋሁት ከዚያ በኋላ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ በሰው ላይ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት የሚከላከሉት ነገሮች ቀላል ናቸው። ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ማጠብ አንዱ ነው። ልጁን «ታጠብ» አላልኩትም፤ ትኩረቴ ሁሉ ውሻውን ዝም ማሰኘት ላይ ነበር። ሁለተኛው፣ የነከሰው ውሻ በሕይወት ካለ ለ10 ቀን ታስሮ ይጠበቃል፤ በሚነክስበት ሰዓት በምራቁ ውስጥ ቫይረሱ ካለበት በእነዚያ ቀናት ይታመማል ወይም ይሞታል። ጤነኛ ሆኖ 10 ቀን ካለፈው የተነከሰው ሰው የጀመረው መርፌ ሊቆም ይችላል። ሞቶ ከሆነም ጭንቅላቱ ተቆርጦ በበረዶ ለምርመራ ይላካል። እኔ ምስክሩን ገድዬ ሬሳውን ገደል ስጥለው ለልጁ የቀረለት መንገድ አንድ ብቻ ሆነ፤ መርፌውን እስከ መጨረሻው መወጋት።

የዚያን ዘመን መርፌ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጉለሌ በሚገኘው፣ ሕዝቡ ዛሬም «ፓስተር» እያለ በሚጠራው ተቋም ከበግ አንጎል የሚሠራ፣ በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋ፣ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚፈጅ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንዲህ ያለው ክትባት ይቅር ብሎ ማሳሰብ የጀመረው በ1984 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ አገር ግን ከዚያ በኋላም ብዙ ዘመን የድሃ አለኝታ እሱ ነበር። ሳይንሱን ስንማር ስለ ሉዊ ፓስተር ተነግሮን ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1885 ለመጀመሪያ ጊዜ ያዳነው ሕፃን ዮሴፍ ማይስተር ይባላል። በዚያው ዓመት የተከተበው ሁለተኛው የ15 ዓመት እረኛ ነው፤ ዣን ባቲስት ዡፒይ። ከእሱ የሚያንሱ እረኞችን ለማዳን ካበደ ውሻ ጋር ተናንቆ ነው የተነከሰው። ፓሪስ ባለው የፓስተር ተቋም ግቢ ሐውልት አለው። የእኔው እረኛ የተነከሰው ውሻውን ሊያድን ሲል ነው፤ ያውም ውሻው አላበደም።

እናትየው ልጁን ይዘው ደሴ ወረዱ። ሸዋ በር አካባቢ ዘመድ ቤት አርፈው መርፌውን አስጨረሱት። ለመጓጓዣውና ለመሰንበቻው በግ ሸጡ፤ መጀመሪያ አንድ፣ ቀጥሎ ሌላ። ይህን የሰማሁት ያ ውሻውን ተሸክሞ የመጣው ጎረቤት ወፍጮ ቤት አግኝቶኝ ነው። እሱ የነገረኝ እንደ ወሬ ነው፤ እኔን የሚመለከተኝ አልመሰለውም። ሌላም ነገረኝ። የመስከረም መጨረሻ ገብሱ የሚያሽትበት፣ ዝንጀሮው ከገደል የሚወጣበት ሰዓት ነው። ልጁ ደሴ፣ ውሻው ገደል፤ ማሳው ላይ የሚጮህ አልነበረም። ከገብሱ ምን ያህል እንደ ተረፈ መጠየቅ አልደፈርኩም። ለአንድ ፋሻ የሰሰትኩበትን ሒሳብ ያኔ ነው መደመር የጀመርኩት። ውሻ የሌለው ቤት በረቱ ላይ ጅብ፣ ማሳው ላይ ዝንጀሮ፣ በጉ ላይ ቀበሮ አለበት። ባለጸጋ ዘበኛ ይቀጥራል፤ ድሃ ውሻ ያሳድራል። እኔ «ውሻ እንደሆነ ሞልቷል» ያልኩት ከቤታቸው ሁሉ ደመወዝ የማይጠይቀውን ሠራተኛ ነው።

በዓመቱ ሴትዮዋን በገበያ ቀን ውጫሌ አገኘኋቸው። ሸሸት ማለት ፈልጌ ነበር፤ እሳቸው ግን ቀድመው አዩኝ። ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። «አንቱ ባይኖሩ ልጄን አጥቼው ነበር፤ ያን እርኩስ ቶሎ ባያስወግዱልኝ ምን እሆን ነበር» አሉ። ከዘንቢላቸው እንቁላል አወጡና በጨርቅ ጠቅልለው እጄ ላይ አኖሩልኝ። እንቁላሉን ተቀበልኩ። ወስጄም በላሁት። ከሁሉም ነገር ይህን ስጽፍ ነው እጄ የሚያስቸግረኝ። ውሻውን ስገድል ድንጋጤ ነበረብኝ ልበል፤ የሚያሯሩጠኝ ሰው ነበር ልበል። ውጫሌ ላይ ማን አሯሯጠኝ? «እማማ፣ ውሻው ጤነኛ ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው፤ የበጎቹን ዋጋ እኔ ልክፈል» ለማለት አፍ ነበረኝ፤ ኪሴም ባዶ አልነበረም። ዝም ማለት ብቻ አይደለም፣ «ምንም አይደል፣ ሥራዬ ነው» አልኳቸው።

ሰበብ ስፈልግ ኖሬአለሁ። አንዱ ሰበቤ ባህል ነው፤ ውሻ ቤተ ክርስቲያን አይገባም፣ ርኩስ ነው፣ ውሻ የሚያክም ሰው ይሳቅበታል። ይህ እውነት ነው፤ ግን እኔ የሚስቁብኝን ፈርቼ ሳይሆን ሊስቁልኝ ፈልጌ ነው የተናገርኩት። ሁለተኛው ሰበቤ ሥራው ነው። የምንለካው በአባ ሰንጋ፣ በአባ ጎርባ፣ በጎሮርሳ፣ በበግ ፈንጣጣ ክትባት ነበር፤ እኔ የምሞላው ሪፖርት ላይ የዳልጋ ከብት አለ፣ በግና ፍየል አለ፣ የጋማ ከብት አለ፤ ውሻ የሚጻፍበት ቦታ የለም። ታዲያ ቦታ የሌለው ነገር አይሠራም ያለኝ ማን ነው? የሚሠራበትን ቦታ ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ። ደብረ ዘይት ሳለሁ፣ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲው ግቢ ውስጥ ዶንኪ ሳንክችዋሪ የተባለው ድርጅት የጋሪ ነጂውን አህያ፣ የውሃ ቀጂዋን አህያ ያለ አንዲት ሳንቲም ያክም ነበር። አህያውን ማዳን ባለቤቱን ማዳን እንደሆነ እዚያ ያየነው ተማሪዎች ሁሉ እናውቃለን። እኔም አውቅ ነበር። የአህያውን ሒሳብ ወደ ውሻው ማምጣት ነው ያልፈለግሁት።

መርዙም ቢሆን የእኔ ብቻ ፈጠራ አይደለም። አዲስ አበባ ራሷ በየዘመኑ የጎዳና ውሻን በእስትሪክኒን ስታጠፋ የኖረች ከተማ ናት፤ ውሻው ግን አላለቀም፤ በሽታውም አልጠፋም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሞተው ውሻ ቦታ ባዶ አይቀርም፤ ያልተከተበ ሌላ መጥቶ ይይዘዋል። ሰንሰለቱ የሚበጠሰው በአካባቢው ካሉት ውሾች ከመቶ 70 ያህሉ ሲከተቡ ነው። ሐና ክፍሌና ኤፍሬም ለገሠ በባሌ የቤት አልባ እንስሳት ጥበቃ ማኅበርን መሥርተው «መግደል ትተን እንከትብ፣ እናምክን» ሲሉ ከሳቁት አንዱ እኔ ነበርኩ። እዚያው ባሌ የቀይ ቀበሮውን ወገን በተደጋጋሚ የጨረሰው ከውሻ የተሻገረው ይኸው በሽታ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ጥቂቶቹም በእኛው ደቡብ ወሎ፣ በቦረና ሳይንት ተራሮች ይኖራሉ። ውሻ የማይገባበት ሪፖርት እንግዲህ ሰውንም ቀበሮውንም አያድንም።

አሁን ከመንግሥት ሥራ ወጥቼ ትንሽ የእንስሳት መድኃኒት ቤት አለችኝ። የተሰበረ፣ የተገጨ፣ ጅብ የቦጨቀው ውሻ ሲመጣ አስራለሁ፤ እሰፋለሁ። ያለው ይከፍላል፤ የሌለው መኸር ሲገባ እህል ያመጣል፤ ያም የሌለው ዝም ብሎ ይሄዳል። ይህን ስል ዕዳዬን የከፈልኩ እንዳይመስል። ለሌላ ሰው ውሻ ያሰርኩት ፋሻ ለእንዳመሉ አይደርሰውም። ሴትዮዋ አርፈዋል፤ እውነቱን ሳይሰሙ ነው የሄዱት። ልጁ አድጎ ከአገር እንደ ወጣ ሰምቻለሁ። ይህን አንብቦ ራሱን ቢያውቅ፣ የሁለቱ በግና የገብሱ ዕዳ በእኔ ላይ መሆኑን ይወቅ፤ ይጠይቀኝ። ውሻው እንደ ካደው ሲያስብ ኖሮ ከሆነ ደግሞ አልካደውም፤ አሞት ነበር፤ የካድኩት እኔ ነኝ።

ለባልደረቦቼ የምለምነው አለኝ። የተጎዳ ውሻ ሲመጣላችሁ ምንም ባይኖራችሁ አፉን እንዴት እንደሚያስሩት አሳዩዋቸው። ነክሶ የመጣውን ከመግደል በፊት የሚያስሩበትን ገመድና 10 ቀን የሚጠብቅ ሰው ፈልጉ። ልጁን ቶሎ አሳጥቡት፤ ጤና ጣቢያ ላኩት። የየመንደሩ እድርተኞችም ለቀብር ከምታዋጡት ላይ በዓመት አንድ ቀን ለውሻ ክትባት ብታስቀሩ ይበቃል፤ የአንድ ውሻ መርፌ ከአንድ ዶሮ ዋጋ በብዙ ያንሳል። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን መስከረም 18 ነው፤ ከግሸን ንግሥ ሦስት ቀን ቀድሞ ይውላል። በዚያ ቀን መፈክር ይዞ መውጣት ግን ለንግሡ አይደርስም። ክትባቱ በውሻው አካል ውስጥ ሥራውን እስኪጀምር እስከ አንድ ወር ይፈልጋል፤ ለመስከረም 21 የሚደርሰው ከነሐሴ 26 በፊት የተሰጠው ነው።